የግፊት ኪኒኑ እናቴን ሦስት ወር አሳላት፤ ይህን እያወቁ ነው የፈቀዱት?

የእማዬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የእናቴ ነው። ዕድሜዋ 67 ነው፣ የደም ግፊት አለባት። ከሦስት ወር ተኩል በፊት ኤናላፕሪል ታዘዘላትና ግፊቷ በደንብ ወረደ፤ ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳል ጀመራት። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ደረቅ ነው። ቀን ቀን ትንሽ ፋታ ይሰጣታል፤ ማታ ጋደም ስትል ይነሣባታል። ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ይኮረኩረኛል ትላለች። በሁለት ትራስ ትተኛ የነበረችው ሴት ሦስተኛ ተጨመረላት፤ በኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ማደር ጀመረች። እኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሆኜ ሳሏን እቆጥራለሁ። ዝም ስትል ደግሞ ምን ሆነች ብዬ ተነሥቼ አያታለሁ።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለና ሽሮፕ ተሰጣት። አልተሻላትም፤ አንቲባዮቲክ ታዘዘ። እሱም አለቀ። የደረት ራጅ ተነሣች፣ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ተባለ። ሌላ ሽሮፕ። በዚህ ሁሉ መሃል “የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። ባለፈው እሑድ የኪኒኑን ካርቶን ልጥል ስል ውስጡ የነበረው ወረቀት ወደቀ። ብዙ ጊዜ የታጣጠፈ፣ ፊደሉ ለዓይን የሚያስቸግር። የስልኬን መብራት አብርቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። “በጣም የተለመዱ” ከሚለው ሥር “ሳል” የሚል ቃል አለ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን እያወቀ እንዴት ፈቀደው? እኔ ፈቃድ ሲባል “መርምረነዋል፣ አይጎዳም” ማለት ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ኪኒኑን ዛሬ ማታ ልከልክላት?

ፋርማሲስቷ፦

እህቴ፣ ሁለተኛው ይቅደም፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። በራስሽ አታስቁሚያት። መድኃኒት ሳይተካ ካቆመች ግፊቷ ተመልሶ ይወጣል፣ ያ ደግሞ ከሳሉ የከፋ ነው። ነገ ጠዋት ካርቶኑንም ወረቀቱንም ይዘሽ ሐኪሟ ዘንድ ሂጂ። ከንፈሯ፣ ምላሷ ወይም ፊቷ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ነገን አትጠብቂ፤ ቀጣዩን ኪኒን ሳትወስድ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ይኼኛው ጉዳት ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን መተንፈሻን ይዘጋል።

ሳሉ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ኤናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳይመረት አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ያው ኢንዛይም ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሰባብራል። ሲታገድ ብራዲካይኒኑ በአየር ቧንቧ ውስጥ ይጠራቀምና የሳል ነርቮችን ይቆሰቁሳል። ሽሮፑም አንቲባዮቲኩም ያልሠሩት ለዚህ ነው፤ የሚገድሉት ጀርም አልነበረም። እንደ ሎሳርታን ያሉት መድኃኒቶች ያንን ኢንዛይም ስለማይነኩት እንዲህ ያለ ሳል እምብዛም አያመጡም። ሐኪሟ ይለውጥላት ይሆናል። ሳሉ ግን በማግስቱ አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይቆያል።

ስለ ፈቃዱ፦ “አይጎዳም” ማለት አይደለም። “ለታዘዘለት ሕመም ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል” ማለት ነው። ያልታከመ ግፊት ስትሮክ ያመጣል፣ ልብና ኩላሊት ይጎዳል። በሚዛኑ አንድ ወገን ይህን፣ በሌላው ሳልን ስታስቀምጪ ፈቃዱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ እናትሽን ሲያክሙ ማንም የመድኃኒቷን ስም አለመጠየቁ ላይ ነው። በእኔ ሙያ ያለን ሰዎችም አለንበት፤ ካርቶኑን ስንሰጥ “ደረቅ ሳል ከጀመረዎት ተመልሰው ይምጡ” ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ተረከዜ፦

እኔ እንደ ፋርማሲስቷ ቶሎ ይቅር ማለት አልችልም። ለኩላሊት ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞልኝ በስድስተኛው ቀን ደረጃ ስወርድ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት በቢላ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ሰባት ወር ሆነኝ፤ ዛሬም ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መጀመሪያ የማስቀድመው ግራ እግሬን ነው። ኋላ ሳነብ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስለ ጅማት መበጠስ በጥቁር ሳጥን የተከበበው ከባዱ ማስጠንቀቂያ የወጣው በ2008 ነው። በ2016 ደግሞ ሌላ አማራጭ ላለው ሰው ለቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይሰጥ መከሩ። ቫዮክስ የተባለውን የሕመም ማስታገሻም አስታውሱ፤ በ1999 ተፈቀደ፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያበዛ ታውቆ በ2004 ከገበያ ወጣ። በመሃል የዋጡት ሰዎች ምን ይባላሉ? የሙከራ እንስሳ ነን?

ፋርማሲስቷ፦

ወንድሜ፣ እግርህን እግዚአብሔር ይማርልህ። የምትለው ሐቅ ነው፣ አልከራከርህም። ግን ለምን እንደሚዘገይ ቁጥሩን እይልኝ። ከፈቃድ በፊት የሚደረገው ሦስተኛው ዙር ሙከራ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 3,000 ሰው ነው የሚይዘው። በ3,000 ሰው ላይ አንድም ጊዜ ያልታየ ጉዳት፣ ሰፊው ሕዝብ ሲወስደው ከ1,000 ሰው አንዱን ሊያገኝ ይችላል። አንድ ሚሊዮን ሰው ከዋጠው ተጎጂው 1,000 ነው። በዚያ ላይ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ አምስት ዓይነት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ በሙከራው አይካተትም።

ቁጥጥሩ ከንቱ ነው ግን አትበል። ታሊዶማይድን፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት የነበረውን ማስተኛ መድኃኒት፣ ለአሜሪካ ገበያ እንድታጸድቅ በ1960 ማመልከቻው የቀረበላት የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሐኪም ፍራንሲስ ኬልሲ፣ ኩባንያው ደጋግሞ ቢጎተጉታትም “ማስረጃው አይበቃም” ብላ አልፈርምም አለች። መድኃኒቱ በተሸጠባቸው አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ወይም በሌላ ጉዳት ተወለዱ። ብሪታንያ ሐኪሞች የጎንዮሽ ጉዳት የሚያሳውቁበትን ቢጫ ካርድ በ1964 የጀመረችው ከዚያ መከራ በኋላ ነው። ዛሬ እዚያ በሽተኛው ራሱም ይሞላዋል፤ በብዙ አገርም ተመሳሳይ ቅጽ አለ። የሚበዛው ጉዳት ግን ሳይመዘገብ ይቀራል። በሽተኛው “ለእኔ ብቻ ነው” ይላል፣ ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ እኛ ነገ እንልካለን እንልና እንረሳለን። ለ2008ቱ ማስጠንቀቂያ ጥሬ ዕቃ የሆነው እንዳንተ ያሉ ሰዎች ያሳወቁት ነው።

የእማዬ ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይቶ “መጠየቅ ነበረብኝ” አላት። እንዲህ ማለቱ ንዴቴን አበረደው፤ እውነቱን ነው የምላችሁ። ወደ ሎሳርታን ቀየረላት፤ ኩላሊቷንና ፖታሲየሟን በደም ምርመራ እንደሚከታተልም ነገረን። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረውም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ሳሉ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ቀሰቀሳት። ከትናንት ወዲያ ማታ “ልጄ፣ ይህን ሦስተኛ ትራስ ውሰጂልኝ፣ አንገቴን አመመኝ” አለችኝ።

ቅጹንም ሞላሁ። የመድኃኒቱን ስም፣ የተጀመረበትን ቀን፣ ሳሉ የመጣበትን ቀን፣ አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ይጠይቃል። ባች ቁጥርም አለበት፤ እሱ የተጻፈው ያን እሑድ ልጥለው በነበረው ካርቶን ጎን ላይ ነው። ሳል ለኤናላፕሪል አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሦስት ወር ሙሉ ሳይታወቅ በሽሮፕና በአንቲባዮቲክ መታከሟን ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፍኩት፤ ያንን እንዲያዩት ፈልጌ ነው።

ተረከዜ፣ ወንድሜ፣ አንተስ ሞልተሃል? ሰባት ወር አለፈው ብለህ አትተወው፤ ዘግይቶም ይቀበሉታል። ከእኔ የወሰደው ሃያ ደቂቃ ነው።