ከኮርፖሬት ሕግ ወደ ሄጅ ፈንድ፦ ከየት ልጀምር?

የጣና ዳሯ፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ላይ የኩባንያ ጠበቃ ነኝ። ውል ሳረቅቅ፣ አክሲዮን ማኅበር ሳቋቁም 9 ዓመት ሆነኝ። አሁን ልቤ ሸፍቷል። ልጆቹን አስተኝቼ የማነበው የኩባንያ ሪፖርት ሆኗል። ሄጅ ፈንድ (የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮንና ዕዳ እየገዛ እየሸጠ ለማትረፍ የሚሠራ ድርጅት) ውስጥ ተንታኝ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ሒሳብ ከ12ኛ ክፍል ወዲህ ነክቼ አላውቅም፣ ሥራ ለቅቄም መማር አልችልም። እባካችሁ ምከሩኝ።

የፔዳ ልጅ፦
እህቴ፣ ሒሳቡ አያስፈራሽ። አብዛኛው መደመር፣ መቀነስና መቶኛ ነው። መጀመሪያ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ተማሪ። አተረፍኩ የሚል ድርጅት ካዝናው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በዱቤ የሸጠውን ገና አልሰበሰበማ። ይሄ ሲገባሽ ወደ ሲኤፍኤ፣ ማለትም ወደ ኢንቨስትመንት ተንታኞች የሙያ ምስክር ወረቀት፣ ሂጂ። ፈተናው 3 ደረጃ አለው፣ ከሥራ ጋር ይሄዳል።

ከባሕር ማዶ፦
ሕጉን እንዳትጥዪው! ፖል ሲንገር ሕግ ተምሮ፣ በጥብቅና ሠርቶ ነው በ1977 እ.ኤ.አ. ኤሊየት የተባለውን ሄጅ ፈንድ ያቋቋመው። የተቸገሩ ኩባንያዎችን ዕዳ በርካሽ የሚገዙ ፈንዶች አሉ። እዚያ ትልቁ ጥያቄ «ማን ቀድሞ ይከፈለዋል?» የሚል ነው። መያዣው በትክክል ተመዝግቧል? ውሉ ምን ይላል? ይሄ ያንቺ ሜዳ ነው። ግን በሲቪ ብቻ አይቀጥሩሽም። «የቱን ትገዢያለሽ? ለምን?» ይሉሻል። ስለ አንድ ኩባንያ ሦስት ገጽ ጽፈሽ ያዢ።

ጡረተኛው ባንከኛ፦
ልጄ፣ አዲስ አበባንም አትርሺ። የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 ወጥቶ፣ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በጥር 2017 ተከፍቷል። አዋጁን አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋል። እኔ የባንክ ሪፖርት የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው። ከማስታወሻዎቹ መሃል በፍርድ ቤት ስለተያዙ ክርክሮች የሚል አለ። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። አንቺ ከሱ ጀምሪ።

የጣና ዳሯ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ እንዳሉኝ አደረግኩ። አንድ ድርጅት የተከሰሰበት ገንዘብ የዓመቱን ትርፍ ግማሽ ያህላል። ቢፈረድበት የሚከፍልበት መጠባበቂያ ግን አልያዘም። ሦስቱን ገጽ በዚህ ልጀምር?

ጡረተኛው ባንከኛ፦
ደንበኛሽ ነው?

የጣና ዳሯ፦
አይደለም። ሪፖርቱም በይፋ የወጣ ነው።

ጡረተኛው ባንከኛ፦
እንግዲያው ጻፊው። ደንበኛሽ ከሆነ ግን አክሲዮኑንም እንዳትነኪ፣ ስሙንም እንዳታነሺ። ክሱ ምን ያህል ያስኬዳል የሚለውንም ጨምሪበት፤ እሱን ከኛ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።