ለቅዳሜው ውድድር ጋሻ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

አድሚን፦ እንግዲህ ቅዳሜ ባህር ዳር ጌም ቤት በምናደርገው የኤልደን ሪንግ ቪዲዮ ጌም ውድድር ሁሉም ሰው ጌሙ ውስጥ ካለው ቦስ (ከባድ ጠላት) ከማርጊት ጋር ይገጥማል፣ በትንሽ ሙከራ የጣለው ያሸንፋል፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። አሁን ግማሹ ሰው ጋሻ ይከልከል እያለ በውስጥ መስመር አስጨንቆኛል። እዚሁ ተከራከሩና ጨርሱት። ስድብ የለም።

የማርቆሱ፦ ይከልከል! ኤል ዋንን፣ የመከታ ቁልፏን፣ ተጭኖ እንደ ግድግዳ መገተር ጨዋታ ነው እንዴ? የዚህ ጌም ጣዕሙ እኮ ቦሱ ዱላውን ሲያነሳ ልብህ ቀጥ ብላ ልክ ሊያርፍብህ ሲል በሮል፣ ተንከባልሎ፣ ማምለጥ ነው። የነዚሁ ሰሪዎች የቀድሞ ጌም ብለድቦርን በፈረንጆቹ 2015 ሲወጣ አንዲት ተራ የእንጨት ጋሻ ብቻ ነበረችው፣ እሷንም መግለጫዋ ላይ ጋሻ ሰውን ያዘናጋል ዓይነት አሹፈውባታል። ሰሪዎቹ ራሳቸው የናቁትን እኛ ምን ቤት ነን

የቡሬዋ፦ ኧረ ተው ወንድምየ! ጋሻ ግድግዳ ነው የሚል ሰው ጋሻ ይዞ አያውቅም ማለት ነው። እያንዳንዱ የመከትከው ምት ስታሚና (ጉልበት) ይበላል፣ ጋሻውን ከፍ አድርገህ ከቆየህ ደግሞ የተበላው ስታሚና የሚመለሰው እየተጎተተ ነው፣ ካለቀ ክንድህ ይከፈትና ደረትህን ሰጥተህ ትቆማለህ። ስለዚህ የትኛውን ልመክት የትኛውን ልሽሽ መቼ ላውርደው እያልክ ሁሌ ሂሳብ ላይ ነህ። ብለድቦርንን ካነሳህ ደግሞ ያው ሰሪዎቹ በ2022 ኤልደን ሪንግ ላይ ጋርድ ካውንተር አስገቡ አይደል? መክተህ ወዲያው አር ቱ ስትጫን የምትወጣዋ ከባድ ምት። ጋሻ የያዘ ሰው ተደብቆ እንዳይቀር ነው ያመጧት። ናቁት ትላለህ እንዴ!

የዳንግላው፦ ሁለታችሁም ፈሪዎች ናችሁ 😂 ፓሪ እያለ፣ ምቱን በሰዓቱ መትቶ መመለስ እያለ

የማርቆሱ፦ አንተ ደግሞ ሴኪሮ የሚባለውን ጌም ከጨረስክ ወዲህ አላስቀመጥከንም

የዳንግላው፦ አዎ በ2019 ወጥቶ የዓመቱ ጌም የተባለው በነጻ መሰለህ? እዛ ላይ ሽሽት ብዙም አያዋጣም፣ ሰይፍ በሰይፍ ነው፣ በሰዓቱ ከመለስክ የሱ አቋም ነው የሚፈርሰው። ዝም ብለህ ኤል ዋን ከጠቀጠቅክ ደግሞ የምትመልስበት ጊዜ ራሱ እየጠበበ ይሄድብሃል፣ በእርጋታ ነው።

የቡሬዋ፦ ሸጋ፣ ግን ውድድሩ ሴኪሮ አይደለም እኮ። ኤልደን ሪንግ ላይ አብዛኛው ሰው ፓሪ የሚያደርገው በምንድን ነው? በትንሽ ጋሻ! በጩቤም የሚሆንበት መንገድ አለ ግን ስንቱ ነው እሱን የሚይዝ። ጋሻ ከተከለከለ ያንተም ፓሪ አብሮ ሄደ ማለት ነው

የዳንግላው፦ እእ... እሱን አላሰብኩትም

ቀበሌ 14፦ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ የምሠራው ቲቪ ጥገና ላይ ነው። ጌም ቤት ያለውን ትልቁን ቲቪ አይታችሁታል? ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ ይወስዳል፣ ጌም ሞዱ ካልበራ የጫንከው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ላጉ (መዘግየቱ) 100 ሚሊ ሰከንድ ነው ብንል በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ስንመታው 6 ፍሬም ነው፣ ፓሪ ደግሞ በጥቂት ፍሬም የሚሞት ነገር ነው። እና ቤቱ ትንሽ ቲቪ ላይ የለመደ ሰው መጥቶ ቢሸነፍ እጁ ነው ወይስ ቲቪው? ጋሻ የያዘ ግን ቀድሞ ከፍ ስለሚያደርግ ላጉ ብዙ አይጎዳውም። ጋሻ ከልክላችሁ ቲቪውን እንዳለ ከተዋችሁት ፍትሕ የለም።

የማርቆሱ፦ ቲቪው ይስተካከላ ታዲያ! ሮል እንደሆነ በማንኛውም ቲቪ ይለመዳል። ምስጢሩን ልንገራችሁ፣ ክቧ ቁልፍ ስትጫናት አይደለም የሚንከባለለው ስትለቃት ነው፣ ይዘህ ከቆየህ ሩጫ ነውና። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ማርጊት እንደ ባለጌ ልጅ ገርፎኛል። ዱላውን ያነሳና ቆም ይላል፣ ልክ የቡሄ ጅራፍ ሊያጮህ እንደሚያንዣብብ እረኛ፣ አንተ ደንግጠህ ክቧን ትነካለህ፣ ተንከባለህ ስትነሳ ያኔ ነው የሚያወርድብህ። አየሩን ሳይሆን ዱላውን ጠብቅ። ቀለል ብለህም ግባ፣ ከመሸከም አቅምህ 70 ፐርሰንት በላይ ዕቃ ከጫንክ ሮልህ እንደ ጤፍ ጆንያ ነው ዱብ የሚለው።

የቡሬዋ፦ ይሄማ ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም

የእንጅባራው፦ እኔ ጌሙን ብዙም አልችለውም ወንድሜ ሲጫወት ነው የማየው፣ ግን ጋሻ የፈሪ ነው የሚለው አልገባኝም። እኛ ዘንድ ጥር 23 የፈረስ በዓሉን መጥታችሁ እዩ። ጉግስ ላይ የሚባረረው ሰው ፈረሱን እያስጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻ ሲመክት ሕዝቡ እልል ነው የሚለው። ፈሪ ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ፈረሱንም ጋሻውንም አንድ ላይ መያዝ ቀላል መሰላችሁ?

የዳንግላው፦ 👏👏

የማርቆሱ፦ እሱ ሌላ ነው፣ እዛ ሰውየው እየጋለበ ነው አልቆመም። ጀግና ከሆናችሁ ማሌንያ የምትባለው ቦስ ላይ ጋሻ ይዛችሁ ግቡ እስኪ! ብትመክቷትም ምቷ ጋሻችሁን ስለነካ ብቻ ደሟ ይሞላል

የቡሬዋ፦ እሱስ እውነት ነው ተቃጥያለሁ 😭 ግን አየህ አንተው መለስከው። ጋሻ የማያዋጣበት ቦታ ላይ ጌሙ ራሱ ይቀጣሃል፣ ሰሪዎቹ ዳኝነቱን ሰጥተውበታል። ማርጊት ላይ ካልከለከሉ አድሚን ከየት አምጥቶ ይከለክላል?

አድሚን፦ በቃ እንዲህ ይሁን፣ ጋሻ ይፈቀዳል ፓሪም ይፈቀዳል። ትልቁ ቲቪ ይቀራል ሁሉም በትንሹ ላይ ነው የሚጫወተው፣ ቀበሌ 14 አርብ ማታ መጥተህ ጌም ሞዱን አብራልን። የማርቆሱ ቅር ብሎህ እንዳትቀር

የማርቆሱ፦ አልተስማማሁም ግን እመጣለሁ። በባዶ እጅ ነው የምገጥመው፣ ታያላችሁ።

የዳንግላው፦ ያቺ ክቧ የላላችው ጆይስቲክ ለማን ነው የምትደርሰው ግን

የቡሬዋ፦ ለማርቆሱ 😂