ክረምቱን ሙሉ የጎዳና ሩጫ ምትሮጡ ጎንደሬዎች እስኪ ንገሩኝ፣ እንዴት ነው ምትችሉት?

መምህር_በጫማ፦

ሰላም ወገን፣ እንዴት ከረማችሁ። መሮጥ የጀመርኩት ጥቅምት ላይ ነው፣ ሐኪሙ ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል ብሎ ሲያስፈራራኝ ማለት ነው፣ እና በጋውን ጥሩ ሄድኩ፣ ሚያዝያ ላይ አንድ 10 ኪሎሜትር ሮጬ 54 ደቂቃ ከ20 ገባሁ (ለናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሚስቴ ግን እስካሁን ለጎረቤት እያወራችው ነው)። አሁን ሐምሌ ገባና ዝናቡ በቃ አልለቅ አለ። አብረውኝ ሚሮጡት የሰፈር ልጆች ደግሞ እኛ ክረምትም አንተውም ብለው ሐምሌ መጨረሻ አንድ 5 ኪሎ፣ ጳጉሜ ላይ ባለው እሁድ ደግሞ አንድ 10 ኪሎ ተመዝገብ እያሉ ይዘውኛል።

ባለፈው እሁድ ልሞክረው ብዬ ከማራኪ ወጣሁ፣ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ኮብልስቶኑ አንሸራቶኝ በመቀመጫዬ ቁጭ። እሱስ ይሁን፣ ተማሪዬ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አየኝ እንጂ። ጫማዬ አንድ ብቻ ነው፣ ከሰልባጅ የገዛሁት፣ አንዴ ከረጠበ ሁለት ቀን አይደርቅም። ከዛ ደግሞ ፍልሰታ አለ፣ እኔ እስከ 9 ሰዓት ነው ምጾመው።

እና ጥያቄዬ፣ እስከ መስከረም ትቼ እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ እንደምንም ልቀጥል? ሐሳቤ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ታላቁ ሩጫን መሮጥ ነው።

ቁልቁለት_ጠላሁ፦

ተወው ቲቸር። እውነቴን ነው። እኔ አምና ሐምሌ ላይ 5 ኪሎ ተመዝግቤ 1 ሰዓት ይጀመራል ተባለ፣ በዛ ዶፍ ቲሸርት ብቻ ለብሰን የክብር እንግዳው እስኪመጣ ቆምን፣ መጥቶ ንግግር አደረገ፣ ሌላው ደግሞ ንግግር አደረገ፣ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተለቀቅን፣ እግሬ እንጨት ሆኖ ነበር። መጀመሪያው ኪሎሜትር ላይ ባቴ ተሸማቀቀና አነከስኩ፣ ከዛ ሳምንት ሙሉ ጉንፋን። ሜዳሊያውም አለቀ ተባልኩ። ክረምት የበቆሎ እሸት ጊዜ ነው ወንድሜ፣ አርፈህ ጥበስ።

የድሮ_ክለብ፦

ኧረ ልጆች ቀስ በሉ። እኔ አሁን ዕድሜዬ ወደ ስልሳው ነው፣ በደርግ ጊዜ በክፍለ ጦር ቡድን ሮጫለሁ፣ እዛ ዛሬ ዘንቧል ብሎ ነገር የለም። መምህር፣ ዝናብ ለሯጭ ጠላት አይደለም። እንዲያውም ረጅም ሩጫ ላይ ሰውን ሚጥለው ሙቀት ነው፣ ጎንደር በክረምት ጠዋት 13 እና 14 ዲግሪ ይሆናል፣ አቧራ የለ ፀሐይ የለ፣ እንዲህ ያለ አየር ፈረንጅ ገንዘብ ከፍሎ ይፈልገዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው እኮ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እንግዲህ ለዛ ቀን ሲዘጋጅ የከረመው ሐምሌና ነሐሴን ነው። እሱም ቤት ተቀምጦ እሸት አልጠበሰም።

ጠላቱ መሬቱ ነው። ቁልቁለት ላይ ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ያኔ ተረከዝ ቀድሞ ያርፍና ይንሸራተታል፣ አንተንም የጣለህ እሱ ነው። እርምጃህን አሳጥር፣ ቶሎ ቶሎ አንሳ፣ ከወገብህ ትንሽ ወደ ፊት ሁን፣ እግርህ ከሥርህ ይረፍ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሩጥ፣ ተራመድ፣ ማን ይከሰሃል? አስፓልቱም ላይ ቢሆን ነጩን ቀለም አትርገጥ፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው።

ሁለቱንም ውድድር ተመዝገብ፣ ግን ሁለቱንም ለሰዓት አትሩጥ። የሐምሌውን እንደ ልምምድ ቁጠረው፣ ከሰው ጋር መነሳትን፣ መጋፋትን፣ መጠበቅን ልመድበት። ሁለት ወር ሙሉ ከተውክ መስከረም ላይ ከዜሮ ነው ምትነሳው፣ ሳምንት ሦስት ቀን ከሮጥክ ግን፣ አንዱን ቀን ጠንከር አርገህ፣ ያለህን ይዘህ ትከርማለህ።

የማራኪዋ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር ነርስ ስለሆንኩ (አሰልቺ አትበሉኝ)። ቁልቁለት_ጠላሁ አንተን የመታህ ዝናቡ ሳይሆን መቆሙ ነው። እየሮጥክ ሰውነትህ ይሞቃል፣ እርጥብ ጥጥ ቲሸርት ለብሰህ አንድ ሰዓት ስትቆም ግን ሙቀትህን ሙጥጥ አርጎ ይወስደዋል። ትልቅ ፌስታል ወይም የፍራሽ ላስቲክ ራስና ክንድ ማስገቢያ ቀዶ እስኪለቁን ድረስ መልበስ ነው፣ ሲነሱ ቀዶ መጣል፣ እኔ ሁሌ እንደሱ ነው ማረገው፣ ሰው ይስቃል እኔ ግን አልንቀጠቀጥም። የሚሰጡትን የጥጥ ቲሸርት ከላይ ልበሱት ካላችሁ ከሥሩ ያቺን ቀጭን የኳስ ማልያ አርጉ፣ ውሃ አትይዝም። ስትጨርሱ ወሬውን ተዉና መጀመሪያ ደረቅ ልብስ ቀይሩ፣ ፎቶው በኋላ ይደርሳል።

ቫዝሊን ጣቶቻችሁ መሀል፣ ብብት፣ ጭን፣ ወንዶች ደግሞ ጡታችሁ ጫፍ ላይ፣ አትፈሩ፣ እርጥብ ልብስ እንዴት እንደሚልጥ ያየ ያውቀዋል። ቤት ስትገቡ እግራችሁን ታጥባችሁ በጣቶቹ መሀል በደንብ አድርቁ፣ ክረምት ላይ የእግር ፈንገስ ይዞ ሚመጣው ብዛቱ።

ጉንፋንን በተመለከተ፣ አፍንጫ ብቻ ከሆነ ቀስ ብሎ መሮጥ ይቻላል፣ ደረት ውስጥ ከገባ ወይ ትኩሳት ካለ ግን አይሮጥም። ክረምቱ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ብርድ ብርድ ካላችሁና መገጣጠሚያ ከቆረጠማችሁ ሩጫው ነው ብላችሁ አትተኙ፣ በተለይ ወደ ደንቢያ፣ ቆላድባ ምናምን ወርዳችሁ ከነበረ የወባ ምርመራ አርጉ። ባለፈው ዓመት አንዱ ልምምድ አብዝቼ ነው እያለ አራት ቀን ተኝቶ በአልጋ ነው ያመጡት።

ቲቸር አንተ ደግሞ ስኳርህ ጫፍ ላይ ነው ብለሃል፣ መድኃኒት ምትወስድ ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ጾመህ ጠዋት መሮጡን ሐኪምህን ሳትጠይቅ እንዳታረገው። እሺ?

መምህር_በጫማ፦

እሺ ሲስተር፣ መድኃኒት አልጀመርኩም በሩጫው ነው የያዝኩት። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድ ልጠይቅዎት፣ ለፍልሰታው ምን ላርግ? ሌላ ደግሞ ልጆቹ ከፒያሳ ወደ አዘዞ እየሮጡ 48 ደቂቃ 47 ደቂቃ እያሉ ይፎክሩብኛል፣ የኔ 54 ያን ያህል ቀርፋፋ ነው እንዴ?

የድሮ_ክለብ፦

ሃሃ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞማ እኔም ዛሬ ሮጣለሁ፣ ቁልቁል አይደለም እንዴ! የዓለም አትሌቲክስ የጎዳና ላይ ሪከርድ ሚያጸድቀው መንገዱ በኪሎሜትር ከ1 ሜትር በላይ ቁልቁል ካልሄደ ነው፣ ማለት 10 ኪሎ ላይ 10 ሜትር ብቻ። የኛው ቁልቁለት የዚህ ስንት እጥፍ እንደሆነ ከአዘዞ ወደ ላይ በእግሩ የመጣ ያውቀዋል። ልጆቹን ባጃጅ አሳፍረህ አዘዞ አውርዳቸውና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ይሩጡ በላቸው፣ ያኔ እናያለን።

ከፍታም አለ። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ናት ያውም ሜዳ፣ አንተ 54 የሮጥከውን እዛ ብትሮጠው ሰዓትህ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከኛም ትበልጣለች፣ መስቀል አደባባይ ከ2,300 በላይ ነው፣ ስለዚህ ኅዳር ላይ ሰዓት አገኛለሁ ብለህ አትሂድ፣ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ ቢጫ ነው ቀይ ነው ለብሶ ሚጨፍርበት ስለሆነ መሮጫም ላታገኝ ትችላለህ። በ1994 ሲጀመር ራሱ 10 ሺህ ሰው ነበር።

ፍልሰታ ላይ አትፎክር። አስራ አምስት ቀን ነው፣ ጠዋት 30 ደቂቃ ወይ 40 ደቂቃ ዝም ብለህ ወሬ እያወራህ ምትሮጠውን ያህል ብቻ፣ በቃ። ከሰዓት እሮጣለሁ ብትል ዝናቡ ሚወርደው ያኔ ነው፣ ጠዋት ይሻላል። 9 ሰዓት ላይ በሶህን በጥብጠህ ጠጣ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ተልባ ብላ። ነሐሴ 16 ስትፈስክ ሥጋው ላይ አትውደቅ፣ ቀስ። ከዛ እስከ ጳጉሜ ከሁለት ሳምንት በላይ አለህ፣ ጠንከር ያለውን ያኔ ታስገባለህ።

ወለተ_ዳገት፦

ስለ ሰዓት ሳይሆን ስለ ቦታ ልናገር። እኔ ሴት ነኝ፣ ጨለማ አልሮጥም፣ 12 ሰዓት ተኩል ሲነጋ ነው ምወጣው ያውም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር። ውሻው አለ፣ ሰዉም አለ። ሩቅ መውጣትም ተዉ በዚህ ጊዜ፣ ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ከተማ ውስጥ አንዱን ዙር አስር ጊዜ መዞር ይሻላል። እኛ ፋሲል ግንብን በውጪ አጥሩን ነው ምንዞረው፣ ያሰለቻል ግን ከጣለ ገብተን ምንጠለልበት በረንዳ አይጠፋም። ጉልበት ሲኖረን ወደ ጎሃ ዳገቱን አንድ ሁለቴ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ በቃ ግቡ፣ ዛፍ ሥር እንዳትቆሙ፣ ካቆመ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ባለ ባጃጆች ሆይ፣ የቆመ ውሃ ስታዩ ቀስ በሉልን እባካችሁ፣ ጸበል ነው እንዴ ምትረጩን።

ጭቃ_ነኝ፦

ስለ ጫማው ማንም አልመለሰለትም እኮ። ቲቸር፣ ቤት እንደገባህ በውሃ አለቅልቀው፣ ጭቃው ከደረቀ ጨርቁን ይበላዋል፣ የውስጥ ሶሉን አውጣ፣ ከዛ ወረቀት ጨፍልቀህ ሙላበት፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ቀይር፣ ማታ ቀይር፣ ጠዋት ደርቆ ታገኘዋለህ። ከሰል ላይ እንዳታረገው!! ማስቲሹ ይለቃል፣ ሶሉም ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። እኔ አንድ ጫማ በዚህ ቀብሬያለሁ፣ እናቴ ወጥ ስትሠራ ምድጃው ጎን አስቀምጬው ስመለስ እንደ ደረቅ እንጀራ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ጋዜጣ ይሻላል ይላሉ ግን አሁን ጋዜጣ ማን ይገዛል፣ አንተ መምህር ነህ ወረቀት አታጣም።

መምህር_በጫማ፦

ወገን መጣሁ። ይቅርታ ጠፋሁ።

የሐምሌውን 5 ኪሎ ሮጥኩት፣ ላስቲክ ለብሼ ቆሜ፣ ሲስተር እንዳለችው ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሊጀመር ሲል ግን ሦስት ሰው ላስቲክ ከየት ነው ያመጣኸው ብሎ ጠይቆኛል። 28 ደቂቃ ገባሁ ምንም አላመመኝም። ፍልሰታን ጋሼ እንዳሉት ቀስ እያልኩ አለፍኩ፣ አንድ ሁለት ቀን እንቅልፍ አሸንፎኝ ቀርቻለሁ፣ አልዋሽም።

የጳጉሜው 10 ኪሎ ትናንት ነበር። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት አባራ፣ ሰዓቱ ግን እንደተለመደው ዘገየ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። 56 ደቂቃ ከ40 ነው የገባሁት፣ ከሚያዝያው ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ብሷል፣ ቁልቁለቱን በሙሉ እንደ አሮጊት ነው የወረድኩት። ከ48 ደቂቃዎቹ ልጆች አንዱ ዳገቱ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አርጎ ሲራመድ አልፌዋለሁ። ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ያነባል።

ጫማውን በ9ኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ነው የሞላሁት፣ የአምና። ዛሬ ጠዋት ሳወጣው ቀለሙ ለቆ ካልሲዬ ሰማያዊ ሆኗል፣ የአንዱ ተማሪ መልስ ደግሞ ሶሉ ላይ ተገልብጦ ይነበባል። ትክክል ነበር የመለሰው፣ እኔ ኤክስ አርጌበታለሁ። ልጁን መስከረም ላይ ፈልጌ አርምለታለሁ፣ እስከዛ ግን ይሄን ቀለም ከካልሲ ሚያስለቅቅ ነገር ምታውቁ ካላችሁ ሚስቴ ሳታይ ንገሩኝ።