የቁስቋም ግቢ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማህበራችን ስብሰባ እንደተነጋገርነው፣ ጎንደር ስላለው የቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አንድ የጋራ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እናቀርባለን። አሁን ባለው ረቂቅ ዋናው ሥራ የእቴጌ ምንትዋብን አዳራሽ ጣሪያ መልሶ ማልበስ ነው። ያልተስማማችሁበት ካለ በግልጽ ጻፉ።

የታሪክ መምህርቷ፦
እኔ በጣሪያ መጀመራችንን አልደግፍም። ላስረዳ።

አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ነገሠ፤ እናቱ ምንትዋብም አብረው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ነው ከነገሥታቱ ግቢ ራቅ ብለው፣ ደብረ ፀሐይ ላይ የራሳቸውን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፤ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችንም አክሟል። ግቢው በሙሉ ሕይወት እያለ ያየ ሰው ነው።

እሱ እንደጻፈው የውጭው አጥር ዙሪያው ከአንድ ማይል በላይ ነበር። ውስጡ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያው ወታደሩ፣ የጉልበት ሠራተኛውና የደጅ አገልጋዩ ይኖራል። በሁለተኛው ሹማምንቱና ካህናቱ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም እዚያ ነው። ሦስተኛው የእቴጌይቱና የወይዛዝርቱ ነው።

እኛ ቁስቋም ስንል የምናየው ከዚህ ሁሉ የቀረውን ጥቂት ግንብ ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ውሃ የቀዳችው፣ ለግብሩ እንጀራ የጋገረችው ሰዎች ግን የውጭው ክልል ሰዎች ናቸው። ዜና መዋዕል ስማቸውን አልጻፈም። የእነሱን ኑሮ የሚነግረን አፈሩ ብቻ ነው፤ የምድጃ አመድ፣ የገንቦ ስብርባሪ፣ የከብት አጥንት። በዚህ ቦታ ላይ ቤት በተሠራ፣ መሠረት በተቆፈረ ቁጥር ያ ማስረጃ ለዘለዓለም ይጠፋል። ግንቡ ግን ዛሬም ነገም ይታያል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የድሮው አጥር የት ድረስ ይደርስ እንደነበር እንለይ።

መሐንዲሱ፦
መምህርት፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የቀድሞው ጣሪያ በትክክል ምን ይመስል እንደነበር ሳይጠና አዲስ ማልበስ የራሳችንን ፈጠራ መጫን ነው።

ነገር ግን ግንቡም ዝም ብሎ አይጠብቀንም። ጣሪያና ወለል ስለሌለው የግድግዳው አናት ለዝናብ ክፍት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሰርጋል፣ ኖራውን ያጥባል፣ በስንጥቁ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፈትረዋል። ስለዚህ የግድግዳው አናት በኖራ ይሸፈን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። ሲሚንቶ በፍጹም! ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ ከጊዜ በኋላም ድንጋዩ ራሱ ይፈረፈራል። በተለይ መስቀልና የእንስሳት ቅርጽ የተቀረጸበት ቀዩ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ እሱ ከተፈረፈረ የሚተካው የለም።

የሰፈሩ ተወላጅ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሰፈር ውስጥ ‹ቁፋሮ› ሲባል ሰው የሚሰማው ‹ሊያነሱን ነው› ነው። ረቂቁ ማንም ከቤቱ እንዲነሳ እንደማንጠይቅ በመጀመሪያው ገጽ ይናገር። አለዚያ አንድም በር አይከፈትልንም፤ እኔም ጎረቤቶቼን ሄጄ አነጋግሩን ለማለት አፍ የለኝም።

ደግሞ ኅዳር 6ን አትርሱ። ለቁስቋም ክብረ በዓል ከየቦታው ስንት ሽማግሌ ይመጣል! ቤተ ክርስቲያኑ ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ከአያቶቻቸው የሰሙትን፣ የትኛው ድንጋይ ከየት ተነስቶ የት እንደገባ የሚያውቁ አሉ። ያን ቀን መቅረጸ ድምፅ ይዘን እንገኝ።

ከዋሽንግተን ያለች አባል፦
እኛ እዚህ ያለነው የድሮ ፎቶ መሰብሰብ እንችላለን። በየቤቱ አልበም ውስጥ በዓል ላይ የተነሱ ፎቶዎች አሉ፤ ከሰዉ ጀርባ ግንቡ ይታያል። ቀኑ ከታወቀ ግድግዳው መቼ ምን ያህል እንደጎደለ ያሳያል። የድሮው አጥር የሚለይበትን፣ በድሮን (ሰው አልባ በራሪ ካሜራ) ከአየር የሚደረግ ቀረጻ ወጪ ለመሸፈንም መዋጮ እንጀምራለን።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ዋናውን አንቀጽ እንዲህ ለውጬዋለሁ።

«ማህበሩ የቁስቋም ግቢ የቀድሞ ወሰን በድሮን ምስል፣ በእግር ቅኝትና በነዋሪዎች ቃል እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በዚህ ምዕራፍ አንድም ጉድጓድ አይቆፈርም፤ ማንም ነዋሪ ከቤቱ አይነሳም። የግንቡ አናት በባለሙያ ቁጥጥር በኖራ ይሸፈን። ቁፋሮ የሚያስፈልግ ከሆነ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ የተሰጠው ተቋም ብቻ ያካሂደው።»

የጣሪያው ጉዳይ ከዋናው ሥራ ወጥቷል፤ ወደፊት የሚጠና ተብሎ በአንድ መስመር ተቀምጧል። ቅኝቱ መስከረም አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ቢጀመር ኅዳር 6ን እናገኛለን። መምህርት፣ የብሩስን ገለጻ በአንድ ገጽ ቢጽፉልን። ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ በአካል ማነጋገር አለብን፤ ጎንደር ካላችሁት ማን ይሄዳል?

የሰፈሩ ተወላጅ፦
እኔ እሄዳለሁ። መሐንዲሱም አብሮኝ ይምጣ፤ የኖራውን ነገር እሱ ቢያስረዳ ይሻላል።