ቨርጂኒያ ውስጥ ውሻ አራብቶ ለመሸጥ የፌዴራል ላይሰንስ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የማናሳሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ግቢ 3 ሴት ጎልደን ሪትሪቨር በእኔ ስም፣ 2 ሴት ፑድል ደግሞ በወንድሜ ስም አሉን። እስካሁን ገዢው ራሱ መጥቶ አይቶ ነበር የሚወስደው። አሁን ከቴክሳስና ከሚኒሶታ በኢንተርኔት የሚጠይቁ ስለበዙ በአውሮፕላን መላክ አስበናል፣ ቀስ በቀስም ሴቶቹን 12 ማድረስ እንፈልጋለን። አንዱ «ከ30 በታች ከሆናችሁ የሚጠይቃችሁ የለም» ይላል፣ ሌላው «ከ4 ካለፈ ላይሰንስ ግድ ነው» ይላል። የቱን እንመን? ላይሰንስ ካስፈለገስ ኬጁ፣ ሕክምናው፣ ወረቀቱ እንዴት ነው? ሜሪላንድ ላሉ የእንስሳት ሱቆች ማስረከብስ ይቻላል?

ኬነል_ሰው፦
እህቴ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፣ ሕጎቹ ናቸው የተለያዩት። 30 የቨርጂኒያ ነው፦ በ12 ወር ውስጥ 30 ወይም ከዚያ በላይ ዐዋቂ ሴት ውሾችን ቡችሎቻቸውን ለመሸጥ የያዘ ሰው በስቴቱ ሕግ የንግድ አራቢ ይባላል። እናንተ ገና ናችሁ። 4 ግን የፌዴራሉ ነው። በ1966 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ሲሆን የሚያስፈጽመው በግብርና መሥሪያ ቤቱ በዩኤስዲኤ ሥር ያለው ኤፊስ ነው። መውለድ የሚችሉት ሴቶች ከ4 ካልበለጡ፣ የምትሸጡትም እዚያው ግቢ ተወልደው ያደጉትን ብቻ ከሆነ፣ በኢንተርኔትም ብትሸጡ ላይሰንስ አያስፈልግም። ከሌላ አራቢ ቡችላ ገዝቶ መሸጥ ከተጀመረ ግን ይህ ነፃነት ቀረ ማለት ነው።

የእናንተ ጣጣ አቆጣጠሩ ላይ ነው። በማን ስም እንደሆኑ ኤፊስ አይገደውም፣ በአንድ ግቢ ያሉት በአንድ ላይ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ 5 ናችሁ። እስካሁን ላይሰንስ ያላስፈለጋችሁ ገዢ፣ ሻጭና ቡችላ አንድ ቦታ በአካል እየተገናኙ ስለነበር ነው። እንዲህ የሚሸጥ ሰው በፌዴራሉ ሕግ እንደ ችርቻሮ ሱቅ ስለሚታይ የሴቶቹ ቁጥር ጣሪያ የለውም። ገዢው ሳያይ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ሰው ወደ ላይሰንሱ ያስገባው የ2013ቱ ደንብ ነው፤ ያው ደንብ ነው ቁጥሩንም ከ3 ወደ 4 ያሳደገው። ለዚህ ነው ሰው ውሻ ሲቆጥር እኔ መጀመሪያ አሻሻጡን የምጠይቀው። 5 ሴት ይዛችሁ አንዲት ቡችላ እንኳ ገዢው ሳያያት ወደ ቴክሳስ ብትልኩ ያለ ፈቃድ ሠራችሁ ማለት ነው።

ለጊዜው የሚያዋጣ መንገድ ልጠቁም፦ ከአምስቱ ዕድሜዋ የገፋች ካለች አስመክኗት። የመከነች አትቆጠርም፤ የሐኪሙን ወረቀት ግን አስቀምጡ።

የማናሳሷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገዢው በቪዲዮ አይቶ ቢመርጥስ?

ኬነል_ሰው፦
ቪዲዮ በአካል እንደማየት አይቆጠርም። መገናኛው ግን የግድ ቤታችሁ መሆን የለበትም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ የመኪና ማቆሚያም ይበቃል፣ ሦስቱም እዚያ ከተገኙ።

ሐኪም_ዘእንስሳት፦
ላይሰንሱ 120 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የአራቢው ክላስ ኤ ይባላል። በ2020 የወጣው ደንብ በየዓመቱ ከፍሎ ማደስን አስቀርቶታል፤ 3 ዓመቱ ሲያልቅ እንደ አዲስ አመልክቶ፣ ተመርምሮ ማለፍ ነው። በመጀመሪያው ምርመራ ጉድለት ከተገኘ በ60 ቀን ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ዕድል አለ። እነሱም ካመለጡ ገንዘቡ ይቀራል፣ እንደገና ለማመልከትም 6 ወር መጠበቅ ነው።

ኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ውሻዋን ለኩ። ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጅራቷ መነሻ ስንት ኢንች ናት? (ጅራቱን እየጨመረ የሚለካ ብዙ ሰው አለ፣ አይለካም።) 6 ጨምሩበት፣ የመጣውን በራሱ አባዙት፣ ለ144 አካፍሉት። 30 ኢንች ብትሆን 36 በ36 ሲባዛ 1,296፣ ለ144 ሲካፈል 9 ካሬ ጫማ ይሆናል። ሁለት ውሾች አብረው ከሆኑ የሁለቱም ይደመራል። ከፍታው ረጅሟ ስትቆም ከራሷ በላይ 6 ኢንች መትረፍ አለበት። የምታጠባ እናት ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋታል። እውነቱን ለመናገር 9 ካሬ ጫማ ለጎልደን ዞሮ ከመተኛት አያልፍም፤ ሚዙሪ የዚህን 3 እጥፍ ነው የምትጠይቀው። እናንተም ያን አስባችሁ ሥሩ። ወለሉ ሽቦ ከሆነ ከ1/8 ኢንች የወፈረ ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ይሁን፣ እግርም በቀዳዳው እንዳይሾልክ። በፔንሲልቬንያ የንግድ ኬነሎች (ውሻ ማራቢያዎች) ከ12 ሳምንት በላይ ለሆነ ውሻ ሽቦ ወለል ጭራሽ አይፈቀድም።

ሙቀቱ ከ85 ፋራናይት በላይ ከ4 ተከታታይ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የቨርጂኒያን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ከሌለ እዚህ ላይ ነው የሚወደቀው። ውሃ ሁልጊዜ ፊታቸው መኖር አለበት።

ሰገራ በየቀኑ ይነሳል፣ ኬጁ ቢያንስ በ2 ሳምንት አንዴ ይጸዳል፦ በሳሙናና በ180 ፋራናይት ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በፀረ ተሕዋስያን። ፓርቮ ለሚባለው ቡችላ ለሚገድል የተቅማጥ ቫይረስ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ አቆዩት። ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ካልታጠበ ግን በረኪናው እዚያው ኃይሉን ይጨርሳል፤ በሽታው ከኬጅ ኬጅ የሚዛመተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ያልተቀባ እንጨት ደግሞ ሽንት ስለሚመጥ ብታጥቡትም አይጠራም።

ከሐኪም ጋር የተጻፈ የሕክምና ፕሮግራም ይኑራችሁ። እያንዳንዷ ውሻ በዓመት አንዴ ከራስ እስከ ጅራት ትመረመራለች። የእብድ ውሻ በሽታ፣ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ግዴታ ነው። የእንቅስቃሴ ዕቅድም በጽሑፍ ሆኖ ሐኪሙ ያጸድቀዋል። ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላውና ጡት ሳይተው አይላክም፤ ሲላክም ከ10 ቀን ያልበለጠ የጤና ምስክር ወረቀት ይያዝለት።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚጽፈው ጉድለት አብዛኛው ተራ ነገር ነው፦ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ የተቋጠረ ጠጉር፣ የዛገ በር። መጥቶ ኃላፊነት ያለው ዐዋቂ ሰው ቤት ቢያጣ ያም ይጻፋል።

ወረቀት_አዋቂ፦
ስለ ሜሪላንድ፦ አይሞከርም። ከጥር 2020 ጀምሮ የችርቻሮ ሱቆች ውሻና ድመት መሸጥ አይችሉም። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክም እንደዚያው ናቸው።

መዝገቡን አትናቁት። የገባውን በፎርም 7005፣ የወጣውን በ7006 ያዙ፤ ውሻው ከወጣም በኋላ መዝገቡ 1 ዓመት ይቀመጣል። እያንዳንዱ ውሻ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ማይክሮቺፕ ይቀላል። ማመልከቻው ላይ የሚሞላው የውሾች ብዛትና አድራሻ ላይሰንሱ ላይ ስለሚጸና፣ ከዚያ ለማለፍ ወይም ቦታ ለመቀየር አዲስ ላይሰንስ ነው።

ከአገር ቤት ቡችላ አምጥቶ ለመሸጥ የሚያስብም አይጠፋም፦ ለሽያጭ የሚገባ ውሻ ዕድሜው ቢያንስ 6 ወር መሆን አለበት፣ ኢትዮጵያም ለውሻ እብደት በሽታ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል።

ላይሰንስ ማግኘት መድን አይደለም። እዚያው ቨርጂኒያ፣ ከምበርላንድ የነበረው፣ ለቤተ ሙከራ ውሻ የሚያራባው ኤንቪጎ የተባለ ኩባንያ ላይሰንስ ነበረው፤ በ2022 ወደ 4,000 ቢግል ተወሰደበት፣ በ2024 ጥፋቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ክሱ የውሾቹ አያያዝ ብቻ አልነበረም፣ የፍሳሽ ውሃውም ነበረበት። እናንተም ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ካውንቲው ዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ቢሮ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቦታው ኬነል ይፈቅዳል ወይ፣ የኬጁ እጥበት ውሃስ ወዴት ነው የሚሄደው? የቤቱ ሴፕቲክ (የፍሳሽ ጉድጓድ) ለ12 ውሻ ኬጅ እጥበት ታስቦ የተሠራ አይደለም።