ለአጭር መቀርቀሪያ የአደን ጠመንጃ የትኛው ዋይልድካት ጥይት ይሻላል?

ጥያቄ፦
የምኖረው በኮሎራዶ ሲሆን አጋዘንና ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) አድናለሁ፤ ከ300 ሜትር አልፌ አልተኩስም። ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት የተሠራውን አጭር መቀርቀሪያ ያለው ጠመንጃዬን በርሜሉ ስላረጀ ላስቀይር ነው። በዚሁ አጋጣሚ ፋብሪካ ከሚያመርታቸው የተለየ፣ ከታወቀ ቀለህ ተሻሽሎ የሚዘጋጅ ዋይልድካት ጥይት እንዲጎርስ ላሠራው አስቤአለሁ። ልቤ ያዘነበለው የ.284 ዊንቸስተር ቀለህ አፉ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠብቦ ወደተገኘው 6.5-284 ነው። ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የካዝናዎን ርዝመት ይለኩ። ሙሉው የ.308 ጥይት 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአጭር መቀርቀሪያ ካዝናም የሚበቃው ለዚሁ ያህል ነው። 6.5-284 ግን ረጃጅም አረሮች ሲገጠሙለት 82 ሚሊ ሜትር ድረስ ስለሚሄድ፣ ካዝናው ውስጥ እንዲገባ አረሩን ወደ ታች መግፋት ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የአረሩ ጅራት የባሩዱን ቦታ ይሻማና ትልቁን ቀለህ የመረጡበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል። ደግሞም የስዊድኑ ጥይት አምራች ኖርማ መደበኛ ልክ ካወጣለት ወዲህ ዋይልድካት መሆኑ ቀርቷል።

እኔ የምመክርዎ 7ሚሜ-08ን ነው። እሱም የ.308ን ቀለህ በማጥበብ የተገኘ ዋይልድካት ነበር፤ ሬሚንግተን በ1980 እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ጥይት አደረገው። 9 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 850 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ አረሩ በደንብ የተመረጠ ከሆነ እርስዎ በሚተኩሱበት ርቀት ለኤልክም ይበቃል። መቀርቀሪያውም ካዝናውም ሳይነካ በርሜሉን ብቻ መቀየር ነው።

መልስ 2፦
በካዝናው ጉዳይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የራስን ጥይት ማዘጋጀት ለሚወድ ሰው ዋይልድካት የሚሰጠው ደስታ ቀላል አይደለም። ስለዚህ 7ሚሜ-08 አክሊ ኢምፕሩቭድን ያስቡበት። አሜሪካዊው ጠመንጃ ሠሪ ፓርከር አክሊ በዘረጋው በዚህ አሠራር የቀለሁ ጎን ይቀናል፣ ትከሻውም (ቀለሁ ወደ አፉ የሚጠብበት ቦታ) የ40 ዲግሪ ማዕዘን ይይዛል። የፍጥነቱ ጭማሪ መጠነኛ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙ፣ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚጎርስበት የበርሜሉ ክፍል) በትክክል ከተቆረጠ መደበኛውን የፋብሪካ 7ሚሜ-08 መተኮስ መቻሉ ነው፤ ቀለሁም በዚያው ተኩስ አዲሱን ቅርጽ ይይዛል። ያዘጋጁት ጥይት ከቤት ርቀው ቢያልቅብዎ የአደን ወቅትዎ አይባክንም።

መልስ 3፦
የትኛውንም ቢመርጡ የጥይቱን ሙሉ ስም በበርሜሉ ላይ ያስቀርጹ። የዋይልድካት ቀለህ ግርጌው ላይ የሚነበበው የወላጁ ስም ነው፤ ቀለሁ ".308" እያለ በእውነቱ ግን ሌላ ጥይት ሊሆን ይችላል። ጠመንጃው ነገ በልጅዎ ወይም በገዢ እጅ ሲገባ ይህ ስህተት ዓይን ያጠፋል። ጥይቶቹንም ስማቸው በተጻፈበት ሣጥን ለየብቻ ያስቀምጡ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካዝናዬን ለካሁት፤ 72 ሚሊ ሜትር ነው። 6.5-284ን ትቼዋለሁ፤ ለአክሊው ቻምበር መቁረጫ ያለው ባለሙያ መፈለግ ጀምሬአለሁ፣ ካላገኘሁ መደበኛውን 7ሚሜ-08 አስገጥማለሁ።