የላይኛው ፎቅ ድምፅ፦ ብሎካችን ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ

የብሎኩ ጸሐፊ፣ 2ኛ ፎቅ
ጎረቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለኮንዶሚኒየም ማኅበራችን የእሁድ ጉባኤ ሐሳባችንን በአንድ ወረቀት እናቅርብ ተባብለን ነበር። እኔ የጀመርኩት እንዲህ ነው፦ «ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ታች ያለውን የሚረብሽ ድምፅ ያሰማ 500 ብር ይቀጣል።» እስቲ ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

1ኛ ፎቅ
500 አነሰ! ትናንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በላያችን ላይ በርሜል ይጎተታል። ግርርር ይልና ቆም፣ ደግሞ ግርርር። ልጄ 9 ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል? ቀን ደግሞ ሙቀጫው አለ። ቡናውን የሚጠጡት እነሱ፣ ልቤ የሚመታው እኔ።

3ኛ ፎቅ
ልጄ፣ በላይሽ ያለው የ2ኛ ፎቅ ቤት ሰው የለበትም፤ በሁለት ወለል አልፎ የሰማሽው የእኔን በርሜል ነው። ይቅርታ። ግን ልንገርሽ። ውሃ እኛ ጋ የሚወጣው በፈረቃችን ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። ቀን ግፊቱ ከእናንተ አያልፍም። ቧንቧው «ፍስስ» ሲል ከእንቅልፌ እነሳለሁ። የውሃ ጎማዬ አጭር ስለሆነ በርሜሉን መታጠቢያ ቤት ሞልቼ ወደ ወጥ ቤት እጎትታለሁ። ቅጡኝ፤ ውሃ ሲመጣ ያው እጎትታለሁ። ምን ላድርግ?

1ኛ ፎቅ
እትዬ፣ ይህን አላወቅኩም ነበር። እኛ ጋ ቀንም ይወርዳል። ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ስመታ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

4ኛ ፎቅ
ግንባታ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ አንድ ነገር ልበል። በመሃላችን ያለው ወለል ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ተገጣጣሚ ቢም ተደርድሮ፣ በመሃሉ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ገብቶ፣ ላዩ ላይ ስስ ኮንክሪት ተሞልቶበታል። ከበሮ በሉት። ምቱ ራሱ በወለሉና በግድግዳው ይሄዳል። ስለዚህ ታች ያለው ሰው ተራ ኮርኒስ ቢያሠራ ብዙም አይጠቅመውም። መፍትሔው ከላይ፣ ዕቃው ወለሉን የሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ለወንበር እግር ከጎሚስታ የተጣለ ከመነዳሪ ቆርጦ ማልበስ ይበቃል። ሙቀጫ ስር አሮጌ ብርድ ልብስ አራት አጥፋችሁ አድርጉ። ይህን እኔ ቤት ካደረግሁ ወዲህ የታችኛው ጎረቤቴ ቡና አቆማችሁ ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

ምድር ቤት
ሕግም ይግባበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለቤት ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ወይም በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ውጭ እንዳያስቸግር ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ያኔ ኮንዶሚኒየም የት ነበርና! ቅጣት ግን በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ካልገባ አንድ ብሎክ ብቻውን ተነስቶ አይቀጣም።

2ኛ ፎቅ፣ ተከራይ
እኔ ጉባኤው ላይ ድምፅ የለኝም። ድምፄ የሚሰማው ታች ላሉት ብቻ ነው። ኳስ ሲኖር እንደምንጮህ አውቃለሁ፣ እንቀንሳለን። ግን ደንቡን አይቼው አላውቅም። አከራዮች ከኪራይ ውሉ ጋር ቢሰጡን ምን አለበት?

የብሎኩ ጸሐፊ
እሺ፣ ቅጣቱን አወጣሁት። አሁን የተጻፈው ይህ ነው፦ «ማኅበሩ ምድር ላይ የጋራ ሮቶ አስቀምጦ ውሃውን በቀን በፓምፕ ወደ 3ኛና 4ኛ ፎቅ ይግፋልን። በመጋዘንነት የተከራየው ኮሚናል (የጋራ መገልገያ ቤታችን) ተለቆ በርበሬ መደለዙና የበዓል አጥንት መፍለጡ እዚያ ይሁን፤ ሲጀመር የተሠራው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ የሚወቀጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይወቀጥ። ደንቡ ለተከራይም በጽሑፍ ይሰጥ።» የከመነዳሪውን ጉዳይ ማንንም ሳንጠይቅ ነገውኑ እንጀምር።

3ኛ ፎቅ
ተስማምቻለሁ። ሮቶው እስኪመጣ ግን በርሜሌስ?

1ኛ ፎቅ
እትዬ፣ በርሜሉ ወጥ ቤት ይቀመጥ፣ አያንቀሳቅሱት። ባለቤቴ ቅዳሜ ረጅም የውሃ ጎማ ገዝቶ ይዞልዎት ይወጣል። ስንት ሜትር ይበቃል?

3ኛ ፎቅ
ተባረኪ። 8 ሜትር። አሁን ለካሁት።